ስለ ዘመኑ የፍቅር ልብ ወለዶች የአንዲት አንባቢ ግልጽ አስተያየት

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክፍል ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የሥነ ጽሑፉ ክፍል ጸሐፊ ስለ ወደድሁት መጽሐፍ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ከበደ ሚካኤል ወይም ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ የምናገር መስሎት እንደ ነበረ ከፊቱ አነበብሁ። እኔ ግን የመረጥሁት፣ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ብዙዎቻችን የምናነበውን፣ አንዳችንም ግን አነባለሁ ብለን የማንናገረውን ዓይነት መጽሐፍ ነው። ይኸውም በእንግሊዝኛ የሚጻፈው፣ የመኝታ ቤቱን በር ሳይዘጋ የሚተርከው የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። በሴቶች ማደሪያ አንድ ቅጂ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ በአንድ ሳምንት ፎቁን ሁሉ ያዳርሳል። በወንዶች ማደሪያም ነገሩ እንደዚሁ መሆኑን፣ ወንድሞቻችን ባይነግሩንም፣ አምልጦአቸው ከሚጠሩዋቸው ስሞች ዐውቀንባቸዋል። (ሣቅ)

የማንንም ጆሮ ለማሳፈር አልመጣሁም። ነገር ግን ስለ አልጋ የሚጽፉ መጻሕፍትን አልጋ የሚለውን ቃል ሳይጠሩ መንቀፍ አይቻልምና ቃሉን እጠራለሁ።

ለማያውቁት ጥቂት ላስረዳ፤ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ይህ ዓይነት ልብ ወለድ ሁለት ሕጎች አሉት። አንደኛው የታሪኩ እምብርት የሁለት ሰዎች ፍቅር እንዲሆን፣ ሁለተኛው መጨረሻው ደስታ፣ ቢያንስ ተስፋ እንዲሆን ነው። ፍቅረኞቹ ከሞቱ መጽሐፉ ከዚህ ወገን አይቆጠርም። እንግዲህ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ገና ከደጁ ተመልሰዋል ማለት ነው። እኛ ትልቁን የፍቅር መጽሐፋችንን መቃብሩን በርእሱ ላይ ጽፈን ያነበብን ሕዝብ ስለ ሆንን፣ ይህ የግዴታ ደስታ የልጅ ተረት ይመስለናል። እኔ ግን አልንቀውም። መጨረሻው አስቀድሞ ስለ ታወቀ አንባቢው «ይገናኙ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም፤ «እንዴት ሆነው ይገናኛሉ?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። የደራሲው ችሎታ የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው።

ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው አሳታሚ በለንደን በ1908 ተቋቋመ፤ ሃርሌኩዊን የተባለው ደግሞ በካናዳ በ1949 ተቋቁሞ በ1971 የለንደኑን ገዛው። እነዚህ ለብዙ ዘመን ያሳተሟቸው ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ከመሳም አያልፉም ነበር፤ ከመሳም በኋላ በሩ ይዘጋል፣ ምዕራፉም ያልቃል። በሩን ወለል አድርጋ ከከፈቱት መካከል ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ካትሊን ውዲዊስ የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ «ዘ ፍሌም ኤንድ ዘ ፍላወር» የተባለው መጽሐፍዋ በ1972 ወጣ። ታዲያ ልብ በሉ፤ በዚያ መጽሐፍ በሩ የተከፈተው በፈቃድ አይደለም። ወንዱ ልጅቱን መንገድ ላይ የምትቆም ሴት መስላው በግድ ይደፍራታል። በኋላ ባልዋ ይሆናል፤ ደግም ይሆናል፤ አንባቢውም እንዲወደው ይጠበቃል። ታሪኩ የድሮ ዘመን ስለ ሆነ ይቅር የሚሉት አሉ። እኔ ይቅር አልልም፤ የተጻፈው በድሮ ዘመን አይደለምና።

የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል። የእነዚህ መጻሕፍት ነውር ሩካቤን መጻፋቸው አይደለም። አዋቂ ሰው ስለ አዋቂ ሰው ሥጋ ቢጽፍና አዋቂ ሰው ቢያነበው ሰማይ አይወድቅም። ነውሩ፣ ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣ እምቢ ያለችውስ ምን ደረሰባት የሚለውን ነገር በሞቀው ትንፋሽ ውስጥ ደባብሰው ማሳለፋቸው ነው። ይህን የማያደርጉም አሉ፤ ስለ እነርሱም እናገራለሁ።

አስቀድሜ ሁሉም ስሙን የሚያውቀውን ላንሣ። የእንግሊዛዊትዋ የኢ. ኤል. ጄምስ «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» በ2011 ወጣ። መጀመሪያ «ትዋይላይት» የተባለውን የደም መጣጮች ታሪክ በሚወዱ አንባቢዎች ዘንድ፣ ያንኑ ታሪክ መነሻ በማድረግ በበይነ መረብ ተራ በተራ የተለቀቀ ጽሑፍ ነበር። ከሁለቱ ተከታዮቹ ጋር እስከ 2014 ድረስ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ2012 የአሜሪካ አሳታሚው ገበያው ቢደራለት ከአዘጋጆቹ እስከ መጋዘን ሠራተኞቹ ድረስ 5,000 5,000 ዶላር ጉርሻ ሰጠ፤ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ያለ ነቀፋ ደስ ያለው ሰው ካለ የመጋዘን ሠራተኛው ነው።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልደክምም። ባለ ታሪኳ አናስታዚያ በውስጧ አንዲት እንስት አምላክ አለች ትለናለች፤ ይህች አምላክ በየገጹ ትዘላለች፣ ትጨፍራለች፣ ታኮርፋለች። በአሥረኛው ዝላይ ላይ «እባክሽ ተቀመጪ» ማለት ያሰኛል። ዓለም የተጯጯኸው ግን ስለ አጻጻፉ ሳይሆን ስለ ጅራፉና ስለ ገመዱ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ክርስቲያን ግሬይ የ27 ዓመት ባለ ጸጋ ነው፤ አናስታዚያ በ21 ዓመትዋ ዩኒቨርሲቲ የምትጨርስ ተማሪ ናት። ልጅቱ ከጓደኞችዋ ጋር ለመዝናናት በወጣችበት ሌሊት ያለችበትን ቦታ በስልኳ ተከታትሎ ደርሶ ይመጣል። መኪና ይገዛላታል፤ በኋላም ሥራ የምትሠራበትን ድርጅት ራሱን ይገዛዋል። መጽሐፉ ይህን ሁሉ የፍቅር ብርታት አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ዕቃ ለእኔ ጅራፉ አይደለም፤ ስልኩ ነው።

እንዲያውም አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ሰው ሁሉ የሳቀበት ያ የውል ወረቀት፣ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ፣ እርስዋም ምን እንደማትቀበል በተራ ቁጥር የተዘረዘረበት ወረቀት፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ቅን የሆነው ክፍል እርሱ ይመስለኛል። ቢያንስ ጥያቄ አለበት፤ እርስዋም አልፈረመችውም። በመኪናው ላይ ግን የጠየቃት የለም።

ይህ ነገር ለእኛ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜአችሁን አላባክንም ነበር። ነገር ግን በማደሪያችን «የስልክሽን ይለፍ ቃል ካልሰጠሽኝ አትወጂኝም ማለት ነው» የተባለች እኅት የለችምን? «የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪ» ሲባሉ በኩራት የሚያሳዩንስ የሉምን? «ይቀናብኛል፤ ስለሚወደኝ ነው» ይሉናል። ቅናትን የፍቅር ማስረጃ ማድረግ ከአገራችንም የኖረ ነው፤ ግሬይ አላመጣብንም። ነገር ግን በወፍራም መጽሐፍ ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ ከሥልጣኔ ጋር ሲመጣ፣ የሠፈሩ ቅናት ማዕርግ አግኝቶ ይመለሳል።

ስለ ሀብቱም አንድ ቃል። በእነዚህ መጻሕፍት ድሃ ወንድ ሲስም ማየት ብርቅ ነው። ወንዱ ወይ ቢሊዮነር ነው፣ ወይ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፣ ወይ ፎቅ አለው። ቁመቱ የማይረዝም፣ አገጩ ያልተጠረበ የለም። ለጥቂት ወንድሞቻችን አዝናለሁ።

በተቃራኒው የሄለን ሁዋንግን «ዘ ኪስ ኮሽንት» እዩ፤ በ2018 የወጣ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከእነዚህ ሁሉ የምወደው እርሱን ነውና። ስቴላ የምትባለው ባለ ታሪክ በቁጥርና በኤኮኖሚ ስሌት የምትሠራ፣ ገንዘብ የማይቸግራት፣ ነገር ግን ኦቲዝም ያለባት ሴት ናት፤ ደራሲዋም ራስዋ ኦቲዝም እንዳለባት በምርመራ ያወቀች ናት። የሰው እጅ ሲነካት ትሸማቀቃለች፤ ሽታና ድምፅ ያስጨንቃታል፤ መሳም ለእርስዋ ፈተና ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር በጥናት እንደምታሸንፈው ይህንንም ልማር ብላ፣ በገንዘብ የሚቀጠር ወንድ ትቀጥራለች፤ የሚማሩትንም ነገር እንደ ትምህርት ዕቅድ ዘርዝራ ይዛ ትቀርባለች። ሰውየው ማይክል፣ እናቱ ታማ፣ ዕዳ ተከምሮበት፣ ቀን በእናቱ የልብስ ንጽሕና ሱቅ የሚሠራ፣ ልብስ የመፍጠር ተሰጥኦ ያለው ነው።

ይህ መጽሐፍ ትኩስ ነው፤ አልዋሽም፣ በአውቶቡስ ውስጥ የሚነበብ አይደለም። ነገር ግን የመኝታውን ትዕይንት ቀድዳችሁ ብታወጡት ታሪኩ ይፈርሳል። ለምን ቢሉ፣ ታሪኩ የሚሄደው እዚያ ውስጥ ነው። ስትሸማቀቅ ያቆማል፤ ይጠይቃል፤ ይጠብቃል። ሰውነትዋ ለምን እንደ ደነገጠ ራስዋ መናገር እስክትችል ድረስ ዕቅዱ ወደ ጎን ይባላል። እኔ መኝታ የበዛበትን መጽሐፍ የምመዝነው በዚሁ ነው፦ ትዕይንቱ ሲወጣ ምንም ካልጎደለ፣ ትዕይንቱ ጌጥ ነበር ማለት ነው፤ ጌጥ ደግሞ በሦስተኛው ጊዜ ይሰለቻል። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ መጻሕፍት የብዙዎቹ ትልቁ ጉድለት ብልግና ሳይሆን መሰልቸት ነው። አንዱ ትንፋሽ እንደ ሌላው ትንፋሽ ነው፤ እጅና እግር ይቆጠራል፤ ማንም ምንም አይወስንም። ገጹን እየዘለልሁ ወደ ንግግሩ የምሮጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ተገላቢጦሽ ይዘላሉ፤ ይህም መብታቸው ነው። (ሣቅ)

በ«ዘ ኪስ ኮሽንት» ላይም ቅር የሚለኝ አለ። የማይክል ድህነት እንደ ውበት ተደርጎ ይሣላል፤ ሥጋውን የሸጠበት ችግር የሚገባውን ያህል አይመረመርም። አንዲት ሴት በዚያው ምክንያት በዚያው ሥራ ብትሰማራ ኖሮ ታሪኩ እንዲህ ጣፋጭ ይሆን ነበርን?

የኮሊን ሁቨር «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» በ2016 ወጥቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቲክቶክ አንባቢዎች ምክንያት ዳግመኛ ገበያውን ያጥለቀለቀ መጽሐፍ ነው፤ በ2024 ፊልም ሆነ። ሊሊ በቦስተን የአበባ ሱቅ የከፈተች ወጣት ናት፤ ራይል የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ግማሽ የተለመደው ሙቀት ነው፤ አንባቢዋ ራይልን ትወደዋለች። ከዚያ ይመታታል። ይምላል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይመታል። ደራሲዋ ታሪኩን ከእናትዋ ሕይወት እንደ ቀዳች ተናግራለች። ብዙዎች ይህን መጽሐፍ ዱላን በፍቅር ሽቶ የቀባ ነው ብለው ይነቅፉታል። እኔ አልስማማም። ያ ሙቀት እዚያ የገባው በዕውቀት ይመስለኛል፤ ከመጀመሪያው ምት በኋላ እኔም እንደ ሊሊ «ደክሞት ነው፤ ሆን ብሎ አይደለም» ብዬ ምክንያት ስፈልግለት ራሴን አግኝቼዋለሁ። የተመታችን ሴት «ለምን ትታው አልሄደችም?» እያለ ከሩቅ የሚፈርድ ሰው ቢያነበው ይበጀዋል።

የማልምረው ሌላውን ነው። በ2023 መጀመሪያ ከዚህ ታሪክ የተቀዳ የሥዕል ማቅለሚያ መጽሐፍ ሊወጣ ታስቦ፣ አንባቢዎች ተቈጥተው ቀረ። ምን ሊቀልም እንደ ታሰበ እንጃ! ደግሞም ሊሊ ስትለይ የራስዋ ሱቅ አላት፣ ከጎኗ የምትቆም ወዳጅ አለቻት፣ ከልጅነትዋ ጀምሮ የሚወዳት አትላስ የሚባል ደግ ሰው በቅርቡ አለ። በእኛ አገር ለምትለይ ሴት አትላስ አይጠብቃትም፤ የሚጠብቋት «ቤትሽን አታፍርሺ፣ ታረቂ» የሚሉ ሽማግሎች ናቸው። መጽሐፉ መለየትን ከእውነቱ ይልቅ ቀላል አድርጎታል፤ የግዴታው ደስታ እዚህ ላይ ዋጋውን አስከፍሎታል።

«ዘ ላቭ ሃይፖተሲስ»ን የዩኒቨርሲቲ ሰው ሁሉ ስላነበበው ቶሎ እለፈው። በ2021 የወጣ ነው፤ ደራሲዋ አሊ ሄዝልውድ ራስዋ የአንጎል ሳይንስ ምሁር ናት። ኦሊቭ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ በስታንፎርድ ካለ ኰስታራ ፕሮፌሰር ጋር ለማስመሰል ትወዳጃለች፤ ማስመሰሉ እውነት ይሆናል። መጽሐፉ ሰውየው የእርስዋ አማካሪ አለመሆኑን ደጋግሞ ይነግረናል፤ መድገሙ ራሱ ደራሲዋ ጥያቄው እንደሚነሣባት ማወቋን ያሳያል። መኝታው ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም በመጠያየቅ ነው። ግን በልቤ የቀረው እርሱ አይደለም። ሌላ ፕሮፌሰር ብቻዋን አግኝቶ ሲያስቸግራት፣ እምቢ ስትለውም ማን ያምንሻል ብሎ ሲያስፈራራት ያለው ክፍል ነው። ያዳናት ስልኳ ንግግሩን ቀርጾ መገኘቱ ነው፤ በአጋጣሚ ማለት ነው። ይህ ጉዳይ በየትም ዩኒቨርሲቲ የሚያስቅ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሳቁት ሴቶች ይልቅ ዝም ያሉት ይበዛሉ፤ ዝምታውን ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎች እተወዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ንቀቱ። «የሴት ማንበቢያ» ይሉታል ወንድሞቻችን። አንድ ሰላይ ብቻውን ሠላሳ ሰው ገድሎ፣ ሸሚዙ ሳይቆሽሽ፣ በመጨረሻው ገጽ ማሸነፉ የታወቀበትን መጽሐፍ ግን «ድርጊት የበዛበት» ብለው ያከብሩታል። መጨረሻው መታወቁ ነውር ከሆነ ለሁለቱም ነውር ይሁን። ጃኒስ ራድዌይ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1984 ባሳተመችው ጥናት የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶችን ለምን እንደሚያነቡ ጠይቃ ነበር። ከመልሶቻቸው ዋነኛው ስለ ታሪኩ አልነበረም፤ መጽሐፉን ሲይዙ ባልም ልጅም ለጥቂት ሰዓት እንደማይጠራቸው፣ ሰዓቱ የራሳቸው እንደሚሆን ነበር የነገሩዋት። ራድዌይ ግን ይህ ዕረፍት ሴቲቱ ያለችበትን ሁኔታ ችላ እንድትኖር ያደርጋት ይሆናል ብላ ትሰጋለች። እኔ እናቴን ሳስብ ለአንባቢዎቹ አደላለሁ። እናቴ በቀን ውስጥ «አሁን አትጥሩኝ» የምትልበት ሰዓት ኖሯት አያውቅም፤ መጽሐፉ ምንም ይሁን ምን፣ ሰዓቱን እመኝላታለሁ።

ይከልከሉ ለሚሉ ደግሞ የናይጄሪያዋን ካኖን አስታውሳለሁ። በ2007 የግዛቱ ገዥ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት በሃውሳ ቋንቋ የተጻፉ የፍቅር ልብ ወለዶችን አስከምሮ አቃጠለ። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጨዋ ናቸው። የሚተርኩት ስለ ግዳጅ ጋብቻ፣ ስለ ጣውንት፣ ስለ ተባረረች ሚስት ጭምር ነው፤ ጸሐፊዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እሳቱ የነደደው ለሥጋ ነው ቢባልም፣ የነደደው ስሞታ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እነዚህን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የምናነበው በአማርኛ ስለሌሉ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ሁለት ጓደኞቼና እኔ ከ«ዘ ኪስ ኮሽንት» አንዱን ገጽ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞከርን። ማይክል ስቴላን ከመንካቱ በፊት የሚጠይቅበት ቦታ ነው፤ አስቸጋሪ ቃል የለበትም። ገና በአራተኛው መስመር ቆምን። ለሰውነት ክፍሎች ያገኘናቸው ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ የንስሐ አባት ፊት የሚነገር ነው፣ ሁለተኛው በጠብ ጊዜ የሚወረወር ነው። በሁለቱ መካከል፣ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች በዝግታ የሚነጋገሩበት ቃል አጣን። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ቃላቱን ሳይፈራ ጽፎአቸዋል፤ መጽሐፉም ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆይቶአል። ነገር ግን እዚያ ያሉት የውቤ በረሃ ቃላት ናቸው፤ ወንዱ ከፍሎ የሚገባበት ቤት ቃላት። ቀጥረው ተገናኝተው «ይመችሻል?» «አይ፣ ቆይ» የሚባባሉ የሁለት እኩያዎች ቃላት አይደሉም።

በፊት የማፌዝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ያሳስበኛል። እሺና እምቢ የምትልበትን ቃል በቋንቋዋ ያላገኘች ልጅ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በምን ቋንቋ ትናገራለች? ከመካከላችን በእንግሊዝኛ «ኖ» ማለት የሚቀላቸው አሉ። በአማርኛ «አልፈልግም» ሲሉት ስድብ መስሎ ይሰማቸዋል፤ የሚሰማቸውም ወንድ ማሽኮርመም ያደርገዋል።

ያ ገጽ አሁንም አላለቀም። ሦስታችን የደረስንበትን በእጅ ጽፈን ይዘነዋል፤ ያልተፈቱትን ሰባት ቃላት በቀይ አስምረንባቸዋል። አማርኛቸው ከእኛ የሚሻል፣ በተለይም ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር የመጡ ጓደኞቻችን፣ በአያቶቻቸው አፍ የሰሙት ያልቆሸሸና ያልተቀደሰ ቃል ካለ በሚመጣው ስብሰባ ይዘው ቢመጡልን እንቀበላለን። ወረቀቱ በሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ጸሐፊ እጅ ይገኛል፤ እርሱም አንብቦት ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቢያፍርም ከሰባቱ አንዱን ፈትቶልናል።